የማዕድን ሱፍ (የጣሪያ ሙቀት መከላከያ)

የማዕድን ሱፍ ከቀለጠ ድንጋይ ወይም ከቀለጠ ብርጭቆ ከሚገኙ በጣም ቀጫጭን ክሮች የሚሠራ የሙቀት መከላከያ ነው። የብርድ ወራት በሚጠኑባቸው እንደ ጀርመን ባሉ አገሮች በተዳፋት ጣሪያ ወራጆች መካከል ይገባል። ወራጅ ከጣሪያው አናት ወደ ግድግዳው ተዳፍቶ የሚወርደው እንጨት ነው። ሙቀትን በዋናነት የሚያግደው በክሮቹ መካከል ሳይንቀሳቀስ የሚቆየው አየር ነው። ስለዚህ ሱፉ ከተጨመቀ፣ ከራሰ ወይም ነፋስ ካለፈበት ጥቅሙ ይቀንሳል።

ዓይነቶች

ሁለት ዋና ዓይነቶች አሉ። የብርጭቆ ሱፍ ከአሸዋና ዳግም ከሚቀልጥ አሮጌ ብርጭቆ ይሠራል። ቀላልና ሲጨመቅ ተመልሶ የሚነፋ በመሆኑ ተጠቅልሎ ይሸጣል። የድንጋይ ሱፍ እንደ ባዛልት ያሉ የእሳተ ገሞራ ድንጋዮችን 1,500 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በማቅለጥ ይገኛል። ከብርጭቆው ሱፍ ይልቅ ከባድና ጠንከር ያለ ነው። ተመሳሳይ ክር በተፈጥሮም ይገኛል፤ በሃዋይና በኤርታ አሌ ከእሳተ ገሞራ የሚረጨው ቅላጭ ዓለት በአየር ላይ ተስቦ ፀጉር መሰል ብርጭቆ ይሆናል። ይህም በሃዋይ የእሳተ ገሞራ አምላክ ስም «የፔሌ ፀጉር» ይባላል።

ውፍረትና ሙቀት አስተላላፊነት

በማሸጊያው ላይ «ላምዳ» ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር የዕቃውን ሙቀት አስተላላፊነት ያሳያል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ዕቃው የተሻለ ነው። ለማዕድን ሱፍ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.032 እስከ 0.040 ዋት በሜትር በኬልቪን ይሆናል። በሜትር የተለካው ውፍረት ለላምዳ ሲካፈል የንብርብሩ ሙቀትን የመቋቋም አቅም ይገኛል። ለምሳሌ 16 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ሱፍ ላምዳው 0.032 ቢሆን አቅሙ 5.0፣ 0.035 ቢሆን 4.6፣ 0.040 ቢሆን 4.0 ነው።

በአንጻሩ ላምዳው 0.040 የሆነ 18 ሴንቲሜትር ሱፍ 4.5 ስለሚሰጥ፣ ላምዳው 0.035 ከሆነው 16 ሴንቲሜትር ጋር ሊቀራረብ ነው። ስለዚህ ወራጁ ጥልቅ ከሆነ ርካሹን ሱፍ አወፍሮ ማስገባት ይቻላል። ወራጁ አጭር ሲሆን ግን ለአነስተኛ ላምዳ ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል ትርጉም ይኖረዋል። የ20 ሴንቲሜትር ሱፍ በ16 ሴንቲሜትር ክፍተት ውስጥ ተጨምቆ ቢገባ በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን አቅም አይሰጥም።

የእንጨቱ ድርሻ

የወራጅ እንጨት ላምዳ 0.13 ገደማ ስለሆነ ከሱፉ አራት እጥፍ ያህል ሙቀት ያሳልፋል። 8 ሴንቲሜትር ስፋት ያላቸው ወራጆች ከመሐል እስከ መሐል በ70 ሴንቲሜትር ርቀት ቢቆሙ፣ እንጨቱ የሚይዘው ከጣሪያው ስፋት 11 በመቶውን ነው። በ16 ሴንቲሜትር ንብርብር ግን ከሚወጣው ሙቀት ሲሶው ገደማ በእንጨቱ በኩል ያልፋል። ይህን ለመቀነስ ከወራጆቹ ሥር አግድም ሞራሌ ተመትቶ በመካከሉ ሌላ ስስ የሱፍ ንብርብር ይጨመራል።

በጀርመን የሕንፃ ኃይል ሕግ መሠረት ነባር ጣሪያ ሲታደስ በአንድ ካሬ ሜትርና በአንድ ኬልቪን ልዩነት ከ0.24 ዋት በላይ እንዳያሳልፍ ይጠየቃል። በወራጆቹ መካከል ብቻ የሚሞላና የወራጁ ቁመት የማይበቃ ከሆነ ግን፣ ላምዳው 0.035 የሆነ ሱፍ ሊገባ እስከሚችለው ውፍረት ድረስ ማስገባት እንደ በቂ ይቆጠራል።

አቆራረጥ

የክፍተቱ ስፋት በየቦታው ይለካል፤ በአሮጌ ቤት ወራጆች እኩል ርቀት ላይኖራቸው ይችላል። ሱፉ ከክፍተቱ ከ1 እስከ 2 ሴንቲሜትር ሰፋ ተደርጎ ሲቆረጥ በራሱ ውጥረት ተይዞ ይቆማል። ጠቦ ከተቆረጠ ጠርዙ ላይ ቀዳዳ ይፈጠራል፤ በጣም ከሰፋ ደግሞ ወደ ውጭ ያብጣል።

እርጥበት

ትልቁ አደጋ እርጥበት ነው። 20 ዲግሪ የሆነ አየር በአንድ ሜትር ኩብ እስከ 17 ግራም ያህል የውሃ ተን ይይዛል፤ በ0 ዲግሪ ግን የሚይዘው 5 ግራም ገደማ ብቻ ነው። የክፍሉ ሞቃት አየር በሱፉ ውስጥ አልፎ ቀዝቃዛው ጎን ሲደርስ ትርፉ ውሃ ይሆናል። ሱፉ ይርሳል፣ ወራጁም ቀስ በቀስ ሊበሰብስ ይችላል። ጉዳቱ በሽፋን የተከደነ በመሆኑ ለረጅም ጊዜ ሳይታይ ይቆያል።

በዚህ ምክንያት በሞቃቱ፣ ማለትም በክፍሉ በኩል የተን ማገጃ ሽፋን ይዘረጋል። መጋጠሚያዎቹ፣ ከግድግዳ ጋር የሚገናኝባቸው ቦታዎችና የሽቦ ማለፊያዎቹ በልዩ ማጣበቂያ ይዘጋሉ። በትንሽ ቀዳዳ የሚያልፍ የአየር ፍሰት በሽፋኑ ውስጥ ሰርጎ ከሚያልፈው ተን እጅግ የበለጠ ውሃ ሊያስገባ ይችላል። በውጭው በኩል ተን የሚያሳልፍ ሽፋን ከሌለ ከሱፉ በላይ ቢያንስ 2 ሴንቲሜትር የአየር ማለፊያ ይተዋል፤ ያኔ ለሱፉ የሚቀረው ጥልቀት በዚያው መጠን ያንሳል።

እሳት፣ ድምፅና ጤና

ሁለቱም ዓይነቶች በአብዛኛው «ኤ1» በሚባለው የአውሮፓ የማይቀጣጠሉ ዕቃዎች ምድብ ይገኛሉ። የድንጋይ ሱፍ ከ1,000 ዲግሪ በላይ ሳይቀልጥ ስለሚቆይ እሳት በሚያሰጋበት ቦታ ይመረጣል። ክሮቹ ድምፅንም ስለሚያፍኑ ዝናብ በቆርቆሮ ላይ የሚያሰማውን ጩኸት ይቀንሳሉ።

ብናኙ ቆዳን፣ ዓይንንና ጉሮሮን ስለሚቆጠቁጥ ጓንት፣ መነጽርና የአፍንጫ መሸፈኛ ያስፈልጋል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት በ2002 ባወጣው ግምገማ የሕንፃ ሙቀት መከላከያ ሱፎችን ካንሰር አምጪነታቸው ሊመደብ በማይችል ክፍል ውስጥ አስቀምጧል። በጀርመን በሰውነት ውስጥ ቶሎ የማይሟሟው አሮጌ ዓይነት ከሰኔ 2000 ጀምሮ ታግዷል። ስለዚህ ከዚያ በፊት የገባ ሱፍ ሲነሣ የበለጠ ጥንቃቄ ይደረጋል።

የአመራረጥ ቅደም ተከተል

በመጀመሪያ ጣሪያው ውሃ እንደማያፈስና እንጨቱ ደረቅ መሆኑ ይረጋገጣል። ቀጥሎ የወራጁ ጥልቀት ይለካል፤ የአየር ማለፊያ የሚያስፈልግ ከሆነም ይቀነሳል። ከዚያ በኋላ ለቀረው ጥልቀት የሚስማማ ውፍረትና ላምዳ ይመረጣል፤ የእሳትና የድምፅ ፍላጎትም ይታያል። የተን ማገጃው፣ የማጣበቂያውና የሙያተኛው ዋጋ ከሱፉ ዋጋ ጋር አብሮ ይታሰባል፤ በጣም ጥሩ ሱፍ ገዝቶ ሽፋኑን ክፍት መተው ጣሪያውን ለብልሽት ያጋልጣልና።