ተጨማሪ መረጃ፦ ለብስክሌት የትኛው የመድን ሽፋን ይቅደም?

ብስክሌት የገዛ ሰው መድን ሲባል መጀመሪያ የሚታየው ሌባ ነው። ስጋቱ እውነት ቢሆንም ጣሪያ አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ በቁጥር 678 የዕቃ መድን ካሣ አደጋው በደረሰበት ቀን ዕቃው ከሚያወጣው ዋጋ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ጎማው የተላጠ፣ ሰንሰለቱ የዛገ ብስክሌት ቢሰረቅ የሚከፈለው የአሮጌ ዋጋ ነው፤ ለዚያ ዓመት እየቆጠሩ አረቦን ከመክፈል ጠንካራ ቁልፍ መግዛት ይሻላል። በሌላ ሰው ላይ የሚደርስ ጉዳት ግን እንዲህ ያለ ጣሪያ የለውም። በገበያ ቀን፣ ፍሬኑ የላላ ብስክሌት ቁልቁለት ላይ አንዲት አሮጊት ገጭቶ ዳሌያቸውን ቢሰብር ሕክምናውና ካሣው የብስክሌቱን ዋጋ ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መቅደም ያለበት የሦስተኛ ወገን ሽፋን ይመስለኛል።

«የተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ የሚያስገድደው ባለሞተሩን ነው፤ እኔን ምን አገባኝ?» የሚል ይኖራል። መድን ለመግባት አለመገደድ ግን ከተጠያቂነት አያድንም፤ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2028 በጥፋቱ ጉዳት ያደረሰን ሁሉ ካሣ ያስከፍላል፣ ሞተር ይኑረው አይኑረው አይጠይቅም። «ዕድር አለን» ለሚለውም፣ ዕድር በዋነኛነት የአባሉን ሐዘን ይሸከማል እንጂ አባሉ የገጨውን ሰው ካሣ ለመክፈል የተቋቋመ አይደለም። ይበልጥ የሚከብደው ተቃውሞ ሽፋኑ ለብስክሌት ብቻውን ላይሸጥ መቻሉ ነው፤ ያኔ ከቤት ወይም ከንግድ መድን ጋር አብሮ ይገባ እንደሆነ መጠየቅ፣ ውል ሲፈረምም «የማይሸፈኑ» የሚለውን ክፍል አስቀድሞ ማንበብ ያሻል።