የውኃ ማጣሪያ ሜምብሬን በማጠቢያ መድኃኒት ምክንያት ስለ ማርጀቱ

የውኃ ማጣሪያ መሣሪያ ከውጭ አገር የሚያስመጣ ነጋዴ፥ «ሜምብሬኑ ስንት ዓመት ያገለግላል?» ተብሎ ቢጠየቅ በዓመት ብቻ ቈጥሮ ሊመልስ አይችልም፤ ሜምብሬን የሚያረጀው ከዘመኑ ርዝመት ይልቅ በታጠበበት መድኃኒት ብዛት ነውና።

በታሸገ ውኃ ፋብሪካዎች የሚሠራበት የሪቨርስ ኦስሞሲስ ሜምብሬን በአብዛኛው ፖሊያማይድ ከተባለ ፕላስቲክ የተሠራ ነው። ጨውን የሚያስቀረው የላይኛው ንጣፍ ውፍረቱ ከሚሊሜትር 5000ኛ እጅ አይበልጥም። ኖራና ዝገት ሲለብሰው በሲትሪክ አሲድ፥ ዝልግልግ እድፍ ሲይዘው በኮስቲክ ሶዳ ይታጠባል። እያንዳንዱም እጥበት፥ በተለይ መድኃኒቱ የበረታ ወይም የሞቀ እንደ ኾነ፥ ከዕድሜው ጥቂት ይቀንሳል።

በረኪና ግን ከእነዚህ ኹሉ የከፋ ነው። በየሱቁ በርካሽ ስለሚገኝና ልብስን ስለሚያነጻ፥ ማጣሪያንም የሚያነጻ ይመስላል፤ በውስጡ ያለው ክሎሪን ግን ፖሊያማይዱን ይበጣጥሰዋል። ጉዳቱም ይደመራል። በሊትር 1 ሚሊግራም ክሎሪን ያለበት ውኃ ከ200 እስከ 1000 ሰዓት ቢነካው ኃይሉ መድከም ይጀምራል፤ ክሎሪኑ 100 ሚሊግራም ከኾነ ከ2 እስከ 10 ሰዓት ይበቃል። የሱቁ በረኪና ደግሞ በሊትር በአሥር ሺህዎች የሚቈጠር ሚሊግራም የያዘ ነው።

የሚያታልለው ነገር፥ በክሎሪን የተጐዳ ሜምብሬን ብዙውን ጊዜ ከቀድሞው የበለጠ ውኃ ማውጣቱ ነው። ባለቤቱ «ዳነ» ብሎ ደስ ይለዋል፤ የጨመረው ግን በሚገባ ያልተጣራ ውኃ ነው። በስምጥ ሸለቆ ፍሎራይድን ለማስቀረት በተተከለ መሣሪያ ላይ ይህ ቢደርስ፥ ፍሎራይድ በጣዕም ስለማይለይ ጠጪው ሳያውቅ ይጐዳል።

ክሎሪንን በመጠኑ የሚችሉ ሌሎች የሜምብሬን ዓይነቶችም አሉ። ስለዚህ አስመጪው ዕቃውን ሲያዝ፥ የሜምብሬኑን ዓይነት፥ የሚችለውን የክሎሪን መጠን፥ የማጠቢያውንም ፒኤችና ሙቀት የሚገልጽ ጽሑፍ ከላኪው ይጠይቅ፤ በአማርኛም አስተርጕሞ ለገዢው ይስጥ። የደብረ ማርቆስ ደንበኛ ሜምብሬን ቢበላሽበት፥ ምትኩ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ፥ ከአዲስ አበባም 300 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ ነው የሚደርሰው።

ለደገኛ ገዢ ደግሞ አንድ ነገር መንገር ያስፈልጋል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት። የውኃው ሙቀት በ1 ዲግሪ ሲቀንስ፥ ሜምብሬኑ የሚያወጣው ውኃ በመቶ 3 ያህል ይቀንሳል። ውኃው በ4 ዲግሪ በቀዘቀዘ ጊዜ፥ ምንም እድፍ ሳይኖር ከመቶ 10 በላይ ጐደለ ማለት ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ንጹሑን ሜምብሬን በየጊዜው እያጠበ ያስረጀዋል፤ ስለዚህ ሻጩ ከመሣሪያው ጋራ አንድ ቴርሞሜትር ቢጨምርለት ዋጋው ከሜምብሬኑ ጋራ አይወዳደርም።