ትናንት ስም፣ ዛሬ ስድብ!

ኳስ ወዳድ አንባብያን ይቺን ታሪክ አትረሷትም። በኖቬምበር 2020 የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ሊቀ መንበር ለፓርላማ ኮሚቴ መልስ እየሰጡ ነበር። ስለ ጥቁር ተጫዋቾች ሲያወሩ ‹‹ከለርድ›› የምትል ቃል ከአፋቸው ወጣች፤ ‹‹ቀለም ያላቸው›› እንደማለት። የሚገርመው፣ ሰውየው ያኔ ያወሩ የነበረው ተጫዋቾቹ ላይ በኢንተርኔት ስለሚወርድባቸው ስድብ ነው! እዚያው ይቅርታ ጠየቁ። ነገር ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና አልዳኑም። በዕለቱ የተነቀፈባቸው ሌላም ንግግር ነበር፤ ቀኑ ሳይመሽ ወንበራቸውን ለቀቁ።

ይሄን ጉዳይ ካፌ ቁጭ ብለን ስናነሳ አንድ ጓደኛዬ ‹‹ፈረንጆቹ አበዙት! ቀለም አለህ መባል ምኑ ያናድዳል?›› አለኝ። ጥያቄው የብዙዎቻችሁ ሳይሆን አይቀርምና እስቲ ከሥሩ እንየው። የውጭውን ዓመት ሁሉ የማስቀምጠው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ስሙ ስንቴ ተቀየረ?

አሜሪካ ውስጥ ‹‹ከለርድ›› በአንድ ወቅት የጨዋ ሰው አጠራር ነበር። በ1909 የተቋቋመው የጥቁሮች መብት ማኅበር ኤን.ኤ.ኤ.ሲ.ፒ. በስሙ ውስጥ ይሄንኑ ቃል ይዟል፤ ዛሬም አልፋቀውም። ከዚያ ‹‹ኒግሮ›› ቦታውን ወሰደ። ለዚህ ቃል ክብር የታገሉትም ጥቁሮቹ ራሳቸው ናቸው። ጋዜጦች የቃሉን የመጀመሪያ ፊደል በትልቁ እንዲጽፉ ወተወቱ፤ ኒውዮርክ ታይምስ በ1930 እሺ አለ። ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ በ1963 ዋሽንግተን ላይ ያን ዝነኛ ንግግር ሲያደርጉ ሕዝባቸውን ደጋግመው የጠሩት በዚሁ ስም ነው።

ሦስት ዓመት ቆይቶ በ1966 ‹‹ብላክ ፓወር›› የሚለው መፈክር ገነነ። ያን ጊዜ ነገሩ ተገለበጠ! እስከዚያ ድረስ ‹‹ጥቁር›› ብለው ቢጠሯቸው የሚቆጡ ብዙ ነበሩ። ወጣቶቹ ግን ‹‹ጥቁር ነን፤ ታዲያስ?›› አሉና ስድቡን ማዕረግ አደረጉት። ‹‹ኒግሮ›› ደግሞ አንገት የመድፋት ዘመን ስም ሆኖ ቀረ። በ1988 እነ ጄሲ ጃክሰን ‹‹አፍሪካን አሜሪካን›› እንባል አሉ፤ ይሄም ተለመደ። የመንግሥት ወረቀት ግን ቀርፋፋ ነው። በ2010 የሕዝብ ቆጠራ ቅጽ ላይ ‹‹ኒግሮ›› አሁንም ተጽፎ ነበር። በቆዩ የፌዴራል ሕጎች ውስጥ የነበረውም እንዲወጣ ፕሬዚዳንት ኦባማ የፈረሙት በ2016 ነው።

ጥፋቱ የቃሉ ነው?

አይደለም። ደቡብ አፍሪካ፣ ኬፕታውን ብትሄዱ ‹‹እኔ ከለርድ ነኝ›› የሚላችሁ ሰው ታገኛላችሁ። ከተለያየ ዘር የተወለደ ሰፊ ማኅበረሰብ መጠሪያ ነው። አፓርታይድ በሕግ ሰዉን የከፋፈለበት ስም ቢሆንም ብዙዎቹ የራሳቸው አድርገውታል። ለንደን ላይ ሹም የሚያስወርድ ቃል ኬፕታውን ላይ ማንነት ነው።

ልዩነቱ ያለው ቃሉ ባለፈበት መንገድ ላይ ነው። በአሜሪካ ደቡብ ‹‹ከለርድ›› የሚለው ጽሑፍ በመጠጥ ውኃ ቧንቧ፣ በሽንት ቤት በርና በባቡር ጣቢያ ላይ ተለጥፎ ኖሯል። ‹‹አንተ በዚህ ግባ፣ ከዚያኛው እንዳትጠጣ›› ማለት ነበር። ያን ዘመን የኖረ ሽማግሌ ቃሉን ሲሰማ ቧንቧው ትዝ ይለዋል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም!

የእኛኑ ወገኖች እንውሰድ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰለሞን ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን በ36 ሰዓት ገደማ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ሄዱ። እዚህ ‹‹ፈላሻ›› ነበር የምንላቸው። ‹‹ፈለሰ›› የሚለውን ቃል ልብ በሉ፤ አገር የሌለው፣ መጤ እንደማለት ነው። ከዚህ ስም አመለጥን ሲሉ እዚያ ‹‹ኩሺ›› ጠበቃቸው። በመጽሐፍ ቅዱስ የኩሽ ሰው ማለት ነው፤ ምንም ነውር የለበትም። በዛሬው የእስራኤል መንገድ ላይ ግን ጥቁርን መስደቢያ ሆኗል። የመጽሐፍ ቅዱስ ቃል እንኳ ሲንቁበት ይበላሻል።

ወደ ቤታችን እንምጣ

ፈረንጅን መውቀስ ቀላል ነው። የኦሮሞ ሕዝብ በድሮ ካርታ፣ በታሪክ መጽሐፍና በመንግሥት ወረቀት ይጠራበት የነበረውን ስም ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እዚህ አልጽፈውም። ታላቁ የኦሮሞ ልጅ ኦነሲሞስ ነሲብ በ1894 ያሳተሙት የፊደል ማስተማሪያ ሳይቀር በእንግሊዝኛ ርዕሱ ላይ ይሄው ቃል አለበት። ሕዝቡ ግን ራሱን ኦሮሞ ይል ነበር። በእኛ አቆጣጠር ከ1966 አብዮት ወዲህ የመንግሥት ጽሑፍም ሕዝቡ በሚለው ስም መጥራት ጀመረ። ዛሬ ያን ቃል በአደባባይ የሚናገር ሰው ምን እንደሚከተለው ያውቃል።

የሚቀጥለውን ግን በግልጽ እጽፈዋለሁ፤ ምክንያቱም በየሰፈሩ እንደ ቀልድ የሚነገር ነው። ለመማር አዲስ አበባ የመጣ አንድ የጋምቤላ ልጅ አውቃለሁ። የዶርም ጓደኞቹ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ‹‹ሻንቆ›› ብለው ሰየሙት። ልጆቹ ክፉዎች አይደሉም፤ አብረውት ይበላሉ፣ ሲታመም ሐኪም ቤት ወስደውታል። እሱም ስሙን ሲሰማ ይስቃል።

‹‹ለምን ዝም ትላለህ?›› አልኩት።

‹‹ብቆጣ ቀልድ አያውቅም ይሉኛል። ብስቅ ደግሞ ስሜ ሆኖ ይቀራል›› አለኝ።

ስሙ ሆኖ ቀረ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የእሱን ግን ዶርሙ አወጣለት። እናቱ ያወጣችለትን ስም አስተካክሎ የሚጠራ የክፍል ጓደኛ ስንት እንደሆነ ስጠይቀው በአንድ እጁ ጣቶች ቆጠረልኝ።

‹‹ሻንቅላ›› እና ‹‹ባሪያ›› የሚሉት ቃላት ተራ የቀለም ስም አይደሉም። ሰው ይሸጥና ይለወጥ ከነበረበት ዘመን ጋር የመጡ ናቸው። በአገራችን ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ሩቅ አይደለም፤ አያቱ ወይም ቅድመ አያቱ የተሸጡበት ሰው ዛሬ አጠገባችሁ ታክሲ ውስጥ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል።

‹‹ስም ቢቀየር ምን ይጠቅማል?››

ይሄም ተገቢ ጥያቄ ነው። በ1928 አንድ የአሜሪካ ተማሪ ለጥቁሩ ምሁር ለደብልዩ ኢ ቢ ዱቦይስ ደብዳቤ ጽፎ ‹‹ኒግሮ›› መባሉን ተቃወመ። ዱቦይስ የመለሱለት፣ የሚንቅህ ሰው ስምህን ብትለውጥም መናቁን አይተውም የሚል ነበር። እውነት አላቸው። አዲሱም ስም በንቀት ከተነገረ ነገ ያረጃል። ‹‹ኒግሮ›› ራሱ ከእሳቸው በኋላ የደረሰበትን አይተናል። ቢሆንም ንቀቱ እስኪጠፋ ሰውን በጠላው ስም እየጠራን እንቆይ ማለት አይደለም።

እና ምን ይሻላል? የምመክራችሁ ይሄን ነው።

ሰውን ራሱን በሚጠራበት ስም ጥሩት። ካላወቃችሁ ጠይቁ፤ መጠየቅ አያሳፍርም።

‹‹እሱ እኮ አይከፋውም›› አትበሉ። ሳቁን አትመኑት፤ ለብቻው ስትሆኑ ጠይቁት።

አያታችሁ የድሮውን ቃል ቢናገሩ እንግዳ ፊት አታዋርዷቸው። እሳቸው ያደጉበት ቃል ነው። ቤት ውስጥ ቀስ ብላችሁ፣ ‹‹እማማ፣ አሁን እኮ እንዲህ ነው የሚባለው›› በሏቸው።

ውጭ አገር የምትሄዱ ደግሞ ከራፕ ዘፈን የሰማችሁትን ያን ‹‹ኒ›› ብሎ የሚጀምር ስድብ እዚሁ ትታችሁት ሂዱ። ጥቁሮቹ እርስ በርስ ሲባባሉ ብትሰሙም ለእናንተ ፈቃድ አልተሰጠም።

ሁሉም ከከበዳችሁ አንድ ነገር ብቻ አድርጉ። ዛሬ ማታ በቅጽል ስም ብቻ የምታውቁትን አንድ ልጅ እውነተኛ ስሙን ጠይቁት፤ ነገ ሰው መሀል በዚያ ስም ጥሩት። ፊቱን ታዩታላችሁ።

ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ቸር ያሰማን!