ጠገራ ብርና የብረት መፈለጊያ፦ ተረትና እውነታ

የመኳንንት ወይም የባለጸጋ ነጋዴ መኖሪያ የነበረ የድንጋይ ፍርስራሽ ባለበት ቦታ ሁሉ በእንስራ የተሞላ ጠገራ ብር ተቀብሯል የሚለው ወሬ በኢትዮጵያ ብዙ አካባቢዎች የሚሰማ ሲሆን፣ የብረት መፈለጊያ መሣሪያ ለያዘ ሰውም የቁፋሮ ግብዣ ሆኖ ይታያል። ወሬው ፍጹም መሠረተ ቢስ አይደለም፤ የመጀመሪያው ባንክ አዲስ አበባ ላይ በ1898 ዓ.ም. ከመከፈቱ በፊት ገንዘብን ከዘራፊና ከጦርነት መሸሸጊያው አንዱ መሬት ነበርና። ይሁን እንጂ በዕለት ገበያ ከእጅ ወደ እጅ የሚዘዋወረው አብዛኛውን ጊዜ ጠገራ ብር ሳይሆን አሞሌ ጨው፣ በኋላም ጥይት ጭምር ስለነበረ፣ አሞሌው ዝናብ አሟሙቶት ሲጠፋ፣ በአሮጌ ግቢ ውስጥ መሣሪያውን የሚያስጮኸው የጥይት ቀለህ፣ ምስማር ወይም ቆርኪ ሊሆን ይችላል። ከጠገራ ብሩም ብዙው በአንጥረኛ እጅ ቀልጦ መስቀልና የአንገት ጌጥ ሆኗል።

መሣሪያው ወርቅንና ብርን ከሩቅ ለይቶ ያሳያል የሚባለውም ስሕተት ነው። በመሣሪያው ጫፍ ያለው ኮይል የተባለ የሽቦ ጥምጥም ተለዋዋጭ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል፤ መስኩ ብረት ሲያገኝ በብረቱ ላይ ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ጅረቶች ይነሣሉ፤ የእነርሱ ምላሽም ወደ ድምፅ ይለወጣል። ምላሹ የሚወሰነው በዕቃው መጠን፣ ቅርጽና ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅም እንጂ በዋጋው ስላልሆነ፣ ትንሽ የወርቅ ጌጥና የአሉሚኒየም ቁራጭ ተመሳሳይ ድምፅ ሊሰጡ ይችላሉ። ለአንድ ሳንቲም የሚደርስበት ጥልቀት ከአንድ ስንዝር ብዙም አይርቅም፤ በብረት ማዕድን የበለጸገ ቀይ አፈር ደግሞ ራሱ መሣሪያውን ያሳስተዋል።

ከሁሉ ይበልጥ ሥር የሰደደው ግን፣ 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበት ጠገራ ብር በዚያው ዓመት የተሠራ ነው፣ ስለዚህም የተገኘበት ቤት የዚያን ያህል ዕድሜ አለው የሚለው እምነት ነው። በጠገራ ብሩ ላይ ምስሏ የተቀረጸው የኦስትሪያ ገዥ ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው በእርግጥ እ.ኤ.አ. በ1780 ነው፤ ነገር ግን በቀይ ባሕር አካባቢ ያሉ ነጋዴዎች የለመዱት ያንኑ መልክና የራስ ጌጧ ዕንቁዎች ጎልተው የሚታዩበትን ብር ስለነበረ፣ ከሞቷ በኋላም ገንዘቡ ቀኑ ሳይቀየር መቀረጹ ቀጠለ። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1935 ማተሚያውን ወስዳ ሮም ላይ፣ ብሪታንያም በማግስቱ ዓመት ለንደን ላይ፣ ሁለቱም 1780 የሚለውን ቀን እንደያዘ አትመውታል። ስለሆነም 28 ግራም ያህል የሚመዝን፣ ከመቶ 83 እጁ ንጹሕ ብር የሆነው ይህ ገንዘብ በአንድ ወለል ሥር ቢገኝ የጣሊያን ወረራ ዘመን ቅሪት ሊሆን ይችላል። የአንድ ሳንቲም ምስክርነት ደግሞ፣ የተቀበረበት የአፈር ንጣፍ ሳንቲሙ ከተሠራበት ጊዜ በፊት የተከመረ ሊሆን አይችልም የሚል ብቻ ነው፤ ይህም ቢሆን ንጣፉ ሳይረበሽ ሲቀር ነው። በአካፋ ተጎርጉሮ የወጣ ሳንቲም ያንን ምስክርነት አጥቷል።

ሳንቲምን በሎሚና በአሸዋ ማሸት ዋጋውን ይጨምራል የሚለው ምክር በተለይ ለአክሱም ሳንቲሞች አጥፊ ነው። አክሱም ከሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የወርቅ፣ የብርና የነሐስ ገንዘብ ትቀርጽ ነበር፤ ከብሩና ከነሐሱ በአንዳንዶቹ ላይ የንጉሡ ራስ ዙሪያ ወይም የመስቀሉ መሐል በስስ የወርቅ ቅጠል ተለብጧል። አረንጓዴውን ዝገት ለማስወገድ የሚያሽ እጅ ወርቁን አብሮ ይወስደዋል።

በገዛ ግቢዬ የተገኘ የእኔ ነው የሚለው አባባልም በሕግ አይጸናም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሲሆን፣ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ጥንታዊና ታሪካዊ ሳንቲሞችን ከቅርስ ይቆጥራል፤ ቅርስ ፍለጋና ቁፋሮም ፈቃድ ይጠይቃል። ለቤት ግንባታ መሠረት ሲቆፍር በድንገት ያገኘ ሰው እንኳ ለቅርስ ባለሥልጣኑ ወዲያውኑ ማሳወቅና ባለሥልጣኑ እስኪረከበው ድረስ ግኝቱን እንዳለ መጠበቅ ይኖርበታል።