አቀባይ ሬዲዮ እንዴት ይመረጣል?

ገበሬ በሬ ሲገዛ የቆዳውን ማማር ብቻ አያይም። ጥርሱን ይቆጥራል፤ ጫንቃውን ይዳስሳል፤ አረማመዱን ይመለከታል። ያገለገለ የመገናኛ ሬዲዮ ስንመርጥም እንዲሁ ነው።

ለመሆኑ የመገናኛ ሬዲዮ ምንድን ነው? ዜና የምንሰማበት ሬዲዮ ያሰማል እንጂ የእኛን ቃል አያደርስም። የመገናኛ ሬዲዮ ግን ያሰማልም፣ ያናግራልም። ፖሊስና አምቡላንስ የሚጠቀሙት እሱን ነው። ለንግድ ሳይሆን ለመማርና ለመረዳዳት፣ በፈቃድ የሚገናኙበት ሰዎች ደግሞ አማተሮች ይባላሉ። የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ፣ ኢቲ3ኤኤ፣ የተቋቋመው 5 ኪሎ በሚገኘው የአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ ነው።

በእጅ የሚያዝ ሬዲዮ ኃይሉ ብዙውን ጊዜ 5 ዋት ያህል ነው። ሞገዱም ተራራ አይዘልም። ቦሌ ላይ የተነገረ ቃል ከእንጦጦ ጀርባ ሱሉልታ አይደርስም፤ ከየረር ማዶም አይሻገርም። ሸለቆ ውስጥ ያለ ሰው ማዶ ያለውን መጥራት ሲያቅተው ምን ያደርጋል? ኮረብታው ላይ ያለውን እረኛ ይጠራል። እረኛው ሰምቶ ወደ ማዶ ያሰማለታል። አቀባይ ሬዲዮ ማለት ይኸው እረኛ ነው፤ ባለሙያዎች ሪፒተር ይሉታል። ቦሌ 2300 ሜትር ያህል ከፍታ ሲኖረው የእንጦጦና የየረር ጫፍ ከ3000 ሜትር በላይ ነው። አቀባዩ እንዲህ ካለ ከፍታ ላይ ሲቆም ወዲህም ወዲያም ይሰማል።

እረኛው ሰምቶ ሲጨርስ ይጣራል። አቀባዩ ግን እየሰማ ያንኑ ይናገራል። ስለዚህ ሁለት ሞገድ ያስፈልገዋል። ለምሳሌ በ145 ሜጋኸርዝ ሰምቶ በ145.6 ይናገራል። ብዙ ጊዜ ሁለት አሮጌ የመኪና ሬዲዮዎች ይጣመራሉ፤ አንዱ ጆሮ፣ አንዱ አፍ ይሆናል።

ታዲያ ስንመርጥ ምን እንይ?

አንደኛ፣ ጆሮውን እንይ። አፉ አጠገቡ እየጮኸ የሩቁን ደካማ ድምፅ መለየት አለበት። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970ዎቹ የተሠሩት ሞቶሮላ ማይኮርና ጄኔራል ኤሌክትሪክ ማስተር 2 በዚህ ይመሰገናሉ። ውስጣቸው ያለው ማጣሪያ ባዕድ ሞገድን ይከላከላል።

ሁለተኛ፣ ጽናቱን እንይ። የመኪና ሬዲዮ የተሠራው ጥቂት ተናግሮ ብዙ እንዲያርፍ ነው። አቀባይ ግን የሁሉን ቃል ስለሚያደርስ እረፍት የለውም። ይግላል፤ ካልተጠነቀቅን ይቃጠላል። ተራራ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሙቀቱን በደንብ አይወስድለትም። ስለዚህ 50 ዋት የሚችለውን በ20 ዋት ማሠራትና ማራገቢያ መጨመር ይበጃል። የጩኸት ብዛት አያታልለን።

ሦስተኛ፣ የተሠራበትን ሞገድ እንጠይቅ። ከ150 እስከ 174 ሜጋኸርዝ የተሠራ ሬዲዮ ወደ 145 አልወርድም ሊል ይችላል።

አራተኛ፣ መጠገኑን እናስብ። የጥገና መጽሐፉ ይገኛል? በ12 ቮልት ባትሪ ይሠራል? ከተቻለ አንድ ዓይነት ሦስት ሬዲዮ እንግዛ፤ ሦስተኛው ለመለዋወጫ ይሆናል።

ቦሌ አካባቢ ደግሞ ከሁሉ የሚከብድ ጉዳይ አለ። አውሮፕላኖችና የመቆጣጠሪያው ማማ የሚነጋገሩት ከ118 እስከ 137 ሜጋኸርዝ ባለው ሞገድ ነው። ይህ የአማተሮቹ ሞገድ ጎረቤት ነው። በሚገባ ያልተስተካከለ አሮጌ ሬዲዮ ከድንበሩ አልፎ ሊረብሽ ይችላል። አብራሪው የማረፊያ ትእዛዝ ሲጠብቅ ጆሮው ውስጥ ጩኸት ቢገባ የስንት ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ይወድቃል! ስለዚህ ማንኛውም አቀባይ በመሣሪያ ሳይለካና ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ሳያገኝ መከፈት የለበትም።

ጎርፍ መጥቶ ስልክ ቢቋረጥ፣ መብራትም ቢጠፋ፣ በባትሪ የሚሠራ አቀባይ የድረሱልኝ ጥሪን ያሻግራል። በዚያን ቀን የሚጠቅመን ብዙ የሚጮኸው አይደለም፤ በደንብ የሚሰማውና የሚጸናው ነው።