የዶዮገናው በግ በስልካችን ውስጥ

«የዶዮገና ጠቦት። ስድስት ወር። ቶሎ የሚፋፋ። ያለበት ቦታ ሆሳዕና፣ ዋጋ በውስጥ መስመር።»

በዓል ሲቃረብ እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ስልኩ ላይ ያልገባበት ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ፎቶውንም ሁላችንም እናውቀዋለን። በጉ በጎኑ ቆሟል፣ አንድ እጅ አንገቱን ይዟል፣ የእጁ ባለቤት ከወገቡ በላይ ተቆርጧል። ከሥሩ ያለችው ጽሑፍ ከሁለት መስመር አትበልጥም።

እነዚህን ሁለት መስመሮች ሳልንቅ ማንበብ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ያው አንድ ጠቦት እዚያው ስልክ ላይ፣ ሌላ ቦታ፣ ሌላ እንስሳ ሆኖ ተጽፏላ! ነጋዴው በአማርኛ ጽፎታል፣ ተመራማሪው በእንግሊዝኛ ጽፎታል፣ ሐኪም ነኝ ባይ መድኃኒት አዞለታል። ደግሞ አይስማሙም። አንዱ «ፈጥነህ ሽጠው» ሲል ሌላው «እሱን እንዳትሸጥ» ይላል።

ከንግዱ እንጀምር። የማስታወቂያው አጭርነት አያታላችሁ፣ እያንዳንዱ ቃል ተመዝኖ የገባ ነው። «ጠቦት»ና «ሙክት» ዋጋቸው አንድ አይደለም። «ጥርስ ያልጣለ» ከተባለ በጉ ገና ለጋ ነው። ወደ በሬው ስትሄዱ ደግሞ «ሻኛው የሞላ» ይመጣል። ከሆሳዕናና ከዱራሜ አካባቢ ብዙ ወጣት ደቡብ አፍሪካ እንደሄደ የማያውቅ የለም። መስከረም ላይ፣ ሀዲያው ያሆዴን ከምባታው መሳላን ሊያከብር ሲሰናዳ፣ ሰንጋውን የሚገዛው ብዙ ጊዜ እዚያ ማዶ ያለው ወንድም ነው። ገበያ መሀል የቆመው ታናሹ ስልኩን ከፍ አድርጎ ያሳያል፣ ከጆሃንስበርግ ድምፅ ይመጣል፦ «ዞር አድርገው እስቲ! ጥርሱን ክፈትልኝ!» ሻጩም ለስልኩ መልስ ይሰጣል።

ስልኩ የማያሳየውን ግን ሻጭም ገዢም ያውቃሉ። ከታች ወደ ላይ የተነሳ ፎቶ ወይፈኑን በሬ ያደርገዋል። ጨው በልቶ ውሃ የጠጣ በግ ለግማሽ ቀን የሰባ ይመስላል። በአካል ያለ ሰው እጁን ወገቡ ላይ ጫን አድርጎ አጥንቱን ይፈትሻል፣ በስክሪን ግን እስካሁን መዳሰስ አልተቻለም።

ሌላኛው ጽሑፍ የምርምር ወረቀቱ ነው። ዶዮገና ከሆሳዕና ወደ አረካ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በከምባታ በኩል ያለች ከተማ ናት። በጎቿ በእንግሊዝኛ የምርምር መጽሔቶች ላይ ስማቸው ደጋግሞ ይነሳል። ኢካርዳ የተባለው ዓለም አቀፍ የግብርና ምርምር ማዕከል፣ ኢልሪና የአረካ ግብርና ምርምር ማዕከል ከአካባቢው ገበሬዎች ጋር ማኅበረሰብ አቀፍ የበግ ማሻሻያ ሲያካሂዱ ቆይተዋል። አሠራሩ ቀላል ነው። ጠቦቶቹ ስድስት ወር አካባቢ ሲሆናቸው ይመዘናሉ። የእናታቸው ታሪክ ይታያል፦ ስንት ጊዜ ወለደች፣ መንታ ትወልዳለች ወይ፣ ልጆቿስ ያድጉላታል? ከዚያ ገበሬዎቹ ራሳቸው ቆመው ያያሉ፣ ይከራከራሉ፣ ይመርጣሉ። የተመረጠው ለጋራ አውራነት ይቀራል። ያልተመረጠው ተኮላሽቶ ሙክት ይሆናል ወይም ይሸጣል።

ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ? ከዚህ በፊት የነበረው ልማድ የተገላቢጦሽ ስለነበር ነው። ቶሎ የፋፋው ጠቦት ጥሩ ዋጋ ስለሚያወጣ መጀመሪያ ገበያ የሚወጣው እሱ ነው። ቤት የሚቀረው ቀጫጫው ነው። ታዲያ በሚቀጥለው ዓመት የሚወለዱት ግልገሎች አባታቸው ማን ሊሆን ነው? ያው ቀጫጫው! እንዲህ እየተባለ ዓመት በዓመት ሲተካ መንጋው እያነሰ ይሄዳል፣ ገበሬውም «የድሮ በግ የት ሄደ?» ይላል።

አሁን ማስታወቂያውን መልሳችሁ አንብቡት። ስድስት ወር፣ ቶሎ የሚፋፋ። ወረቀቱ «ይህን አስቀሩት» የሚለው ጠቦት ማለት እሱ ነው።

ነጋዴውን እየወቀስኩ አይደለም። የትምህርት ቤት ወጪ፣ የሐኪም ቤት ወጪ፣ ማዳበሪያ... ገበሬ በስድስት ወር ጠቦት የሚሸጠው ቸግሮት ነው። የሚያናድደኝ ሌላ ነገር ነው። ሁለቱም ጽሑፎች በነፃ ይገኛሉ፣ ሁለቱም በአንድ ስልክ ይከፈታሉ። ግን «ሽጠው» የሚለው በአማርኛ በሁለት መስመር፣ «አስቀረው» የሚለው በእንግሊዝኛ በ12 ገጽ ነው። የትኛው ዶዮገና ጓሮ ቀድሞ እንደሚደርስ ለእናንተ ልተወው።

በነገራችን ላይ፣ የበግ ተመራማሪው ሰሎሞን ግዛው እ.ኤ.አ. በ2008 ባቀረቡት የዶክትሬት ጥናት 14 የኢትዮጵያ የበግ ዓይነቶችን አጥንተው በ9 ዝርያ መድበዋቸዋል። ከ14ቱ አንዱ በከምባታዋ ትንሽ ከተማ በአዲሎ ስም ይጠራል፣ ምድቡም ከአርሲ-ባሌ ጋር ነው። አዲሎ ያደገ ልጅ የከተማው ስም በኔዘርላንድ ዩኒቨርሲቲ መደርደሪያ ላይ መኖሩን ያውቅ ይሆን?

ፌስቡክ ላይ ደግሞ በግ ስፈልግ ያገኘሁት ንስር ነው። ታሪኩን ታውቁታላችሁ። ንስር 40 ዓመት ሲሞላው ይደክማል፣ ተራራ ላይ ወጥቶ ምንቃሩን ከድንጋይ ጋር አጋጭቶ ይሰብራል፣ ጥፍሩን ይነቅላል፣ አዲስ አብቅሎ 30 ዓመት ይጨምራል። ከሥሩ «አንተም ተለወጥ» የሚል ምክር፣ ከዚያ ሺህ ላይክ። ነገሩ ውሸት ነው። የንስር ምንቃር እንደ ጥፍራችን ዕድሜ ልኩን ሲያድግ ይኖራል፣ የሰበረው ንስር ደግሞ መብላት አቅቶት በረሃብ ይሞታል። በዱር የሚኖር ንስር 30 ዓመት ማለፉ ራሱ ብርቅ ነው።

ግን እንዲህ ያለው ጽሑፍ አዲስ እንዳይመስላችሁ። ከግሪክ ወደ ግዕዝ ከተመለሰ ከሺህ ዓመት በላይ የሆነው «ፊሳልጎስ» የተባለ መጽሐፍ አለ፣ ጀርመናዊው ፍሪትዝ ሆመል እ.ኤ.አ. በ1877 አሳትሞታል። እንስሳ በእንስሳ እየተነሳ ጠባዩ ይነገራል፣ ከዚያ መንፈሳዊ ትርጉሙ ይከተላል። ያረጀው ንስር እዚያም አለ። ወደ ፀሐይ ይወጣል፣ አሮጌ ላባውን ያቃጥላል፣ ምንጭ ውስጥ ሦስት ጊዜ ጠልቆ ይታደሳል። የፌስቡኩ ምንቃር ሰባሪ የዚያ የልጅ ልጅ ቢሆን አይገርመኝም። አያትየው ግን የተሻለ ጽሑፍ ነው፣ ቢያንስ የሚሰብከው ስለ ነፍስ እንጂ ስለ ቢዝነስ አልነበረም።

በንስሩ ተረት የሚሞት የለም። በሚቀጥለው ግን ይሞታል።

«በግ ካስቀመጣት ይህን ስጧት» ብሎ የመድኃኒት ፎቶ የሚለጥፍ ሰው መጠኑን አይነግራችሁም፣ የእንስሳ መድኃኒት ደግሞ በክብደት ነው የሚለካው። አልቤንዳዞልን ውሰዱ። ለሆድ ትል ጥሩ መድኃኒት ነው፣ በፀነሰች በመጀመሪያው ወር የተሰጣት በግ ግን ግልገሏ ጉድለት ይዞ ሊወለድ ይችላል። ይህን የጻፈ ልጥፍ ስንት አይታችኋል? አባ ሰንጋ ደግሞ የባሰ ነው። በድንገት የሞተና ከአፍንጫው ያልረጋ ደም የሚወጣ ከብት ፈጽሞ አይከፈትም፣ አይገፈፍም፣ አይበላም። ሬሳው ሲከፈት ተህዋሱ አየር አግኝቶ ራሱን ይሸፍንና አፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ሰውንም ይይዛል። ልጥፉን ትታችሁ የቀበሌውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጥሩ፣ ስልኩ እኮ ለመደወልም ይሆናል።

እስካሁን የቆጠርኳቸው ጽሑፎች ሁሉ ወይ በአማርኛ ወይ በእንግሊዝኛ ናቸው። በጉን በየቀኑ የምታየው ሴት ግን የምታወራው በሀዲይሳ ወይም በከምባቲሳ ነው። የትኛዋ በግ መንታ እንደምትወልድ፣ የትኛዋ ግልገሏን እንደምትረግጥ ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት። ከምባታ ውስጥ «ባሊሻ» የሚባል ሥርዓት አለ። ባህሉን የምትጠብቅ ባለትዳር ሴት የአማቶቿን ስም አትጠራም፣ ስማቸው በሚጀምርበት ድምፅ የሚጀምር ሌላ ቃልም አትናገርም። የአማቷ ስም ከአንድ እንስሳ መጠሪያ ጋር ከገጠመ እንስሳው በእሷ አፍ ሌላ ስም ያገኛል። አንድ ጓሮ፣ አንድ እንስሳ፣ ሁለት ስም! ይህን ይቮን ትራይስ የተባሉ የቋንቋ ተመራማሪ ጽፈውታል፣ በእንግሊዝኛ።

እኚሁ ተመራማሪ ከደጊነት ወታንጎ ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2018 የፈረንሳዊውን የሴንት-ኤግዙፔሪን «ትንሹ ልዑል» በከምባቲሳ አሳትመዋል። ልጁ በረሃ ላይ አብራሪውን አግኝቶ የሚጠይቀው የመጀመሪያ ነገር በግ እንዲስልለት ነው። የመጀመሪያውን ስዕል አይቶ ታማሚ ነው ብሎ ይመልሳል። ሁለተኛው ቀንድ አለው፣ የፈለገው አውራ በግ አይደለም። ሦስተኛው አርጅቷል። ዶዮገና ገበያ ላይ የቆመ ገዢ ከዚህ የተለየ አይጠይቅም። በመጨረሻ አብራሪው ይሰለችና ሳጥን ስሎ «በጉ ውስጡ ነው» ይለዋል፣ ልጁም ደስ ብሎት ይቀበላል።

በጉን ሳያይ ተቀበለ ማለት ነው። ዋጋው በውስጥ መስመር ሳይሆን አይቀርም።