የሁርሶ ክረምትና ስሟ ያልተጻፈ አያት

ሁርሶ ሲባል ለብዙ ኢትዮጵያዊ ቶሎ ትዝ የሚለው የሠራዊቱ ማሠልጠኛ ነው። ዕድሜያቸው ገፋ ያሉት ደግሞ ከድሬዳዋ ወደ አዋሽ የሚጓዘው የድሮው ባቡር ቆም ይልበት የነበረውን ትንሽ ጣቢያ ያስታውሳሉ። ግራር የበዛበት፣ መሬቱ ደረቅ፣ ፀሐዩ የከረረ ቆላ ነው። የኢሳ ሶማሌና የኦሮሞ አርብቶ አደሮች፣ ባቡሩ ያመጣቸው ሠራተኞችና ነጋዴዎች፣ የወታደር ቤተሰቦችም ጎን ለጎን የኖሩበት አገር ነው። እዚህ ላነሳት የምፈልገው ግን የማሠልጠኛው መዝገብም ሆነ የባቡሩ ታሪክ የማያውቃትን ሰው፣ አያትን ነው። አንዱ ቤት አዬዮ፣ ሌላው አኮ፣ ሌላው እማማ ይላታል። ክርክሬ አንድ ነው። አያትን ከመረሳት የሚያድናት ከሞተች በኋላ የሚደገሰው ድግስ ወይም ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ፎቶ አይደለም፤ ልጆች ትምህርት ቤት ሲዘጋ አብረዋት የሚውሉበት ተራ የክረምት ቀን ነው። ያንን ቀን እንደ ባከነ ጊዜ እየቆጠርን በየዓመቱ ብዙ እናጣለን።

ነገሩ ከስም ይጀምራል። ልጅ ትምህርት ቤት ሲመዘገብ ሙሉ ስሙ ከነአያት ይጠየቃል፤ ያ አያት ግን ሁልጊዜ የአባት አባት ነው። የኢሳ ልጅ ገና በልጅነቱ የአባቶቹን ስም እየደረደረ እስከ ጎሳው ሥር መቁጠር ይለምዳል። ኦሮሞውም የዘር ሐረጉን የሚስበው በአባት በኩል ነው። አማራው ጋብቻ ሲታሰብ በአባትም በእናትም እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል፤ ስሙ ግን ያው በአባት ይወርዳል። የልደት ምስክር ወረቀት የእናትን ሙሉ ስም ይይዛል፤ የእናት ሙሉ ስም ደግሞ ከራሷ ቀጥሎ የአባቷና የወንድ አያቷ ስም ነው። ሴት አያት ከልጆቿ ጋር ተያይዛ በወረቀት ልትገኝ የምትችለው በዋናነት በገዛ ልጇ የልደት መዝገብ ላይ ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው ግን ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ስለሆነ፣ የዛሬዎቹ ወላጆች ሲወለዱ በተለይ በገጠር እንዲህ ያለ መዝገብ አልነበረም። ስለዚህ አንዲት ሴት ሰባትና ስምንት ልጅ ወልዳ፣ የልጅ ልጆቿንም አሳድጋ ስታልፍ፣ ሁለት ትውልድ ቆይቶ ስሟን የሚጠራ ሰውም የሚያሳይ ወረቀትም አይገኝም። ይህ የማንም ክፋት አይደለም፤ የአቆጣጠራችን ውጤት ነው። ውጤቱ ግን ከባድ ነው።

ስሟ በወረቀት የማይተርፍ ከሆነ ምኗ ይተርፋል? መልሱን ለማግኘት በድሬዳዋ ዙሪያ ክረምት እንዴት እንደሚያልፍ ማየት ያስፈልጋል። ደጋ ላይ ላደገ አንባቢ ክረምት ብርድና ጭቃ ነው። እዚህ ግን ሰኔ ከዓመቱ እጅግ ከሚሞቁት ወራት አንዱ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴም ቢሆኑ ሙቀቱን ጨርሰው አያባርሩትም። ዝናቡ ሲመጣ ደግሞ ከላይ ከሐረርጌ ደጋ ጎርፍ ሆኖ ይወርዳል፤ ቀን አሸዋ ብቻ የነበረው ወንዝ ሌሊቱን ይሞላል። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ድሬዳዋ ውስጥ ከ250 በላይ ሰው የጨረሰው እንዲሁ ነበር። በዚህ አገር የቀኑን ሥራ የሚደለድለው ሙቀቱ ነው። የሚሠራው ጎህ ሲቀድና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ትልቅም ትንሽም ጥላ ሥር ይገባል፤ ሲመሽ ምንጣፍና አልጋ ወደ ግቢ ይወጣል። በትምህርት ወራት ልጆች ይህን ሰዓት ክፍል ውስጥ ወይም ጥናት ላይ ያሳልፉታል። በክረምት ግን ሙቀቱ ራሱ ልጅንና አያትን አንድ ጥላ ሥር ይሰበስባቸዋል። ለመናገር ያልታቀደው ሁሉ የሚነገረውም ያኔ ነው። አያት ወተት ዕቃውን በእንጨት ጢስ እያጠነች ለምን እንደሚታጠን ትናገራለች። ደጋው ላይ ደመናው ሲጠቁር ልጆቹን ከወንዙ አሸዋ ጠርታ ታስወጣለች። ማታ እንቆቅልሽና ተረት ይከተላል፤ በአንድ ግቢ ሶማሊኛ፣ ኦሮምኛና አማርኛ ተቀላቅለው የሚሰሙበት ቤት ጥቂት አይደለም። ልጁ የሚማረው ዕውቀት ከሰጪዋ ድምፅና እጅ ጋር ተጣብቆ ስለሚገባው፣ የወተት ዕቃውን ባጠነ ቁጥር እሷን ያስባል።

በዚያ ጥላ ሥር ከሚነገረው አንዱ የባቡሩ ዘመን ነው። ሐዲዱ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ለብዙ አሥርት ዓመታት በመስመሩ ላይ ያሉት ትንንሽ ጣቢያዎች ገበያም ነበሩ፤ ባቡር ሲቆም ለተሳፋሪው የሚጠጣና የሚበላ ይዘው ከሚቀርቡት ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ገደማ አሮጌው ባቡር በድሬዳዋና በአዲስ አበባ መካከል መመላለሱን ሲያቆም ያ ገበያ ተበተነ። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ደግሞ እንደ ድሮው በየመንደሩ የሚቆም አይደለም። የምድር ባቡሩ ታሪክ ሲጻፍ አፄ ምኒልክ፣ አልፍሬድ ኢልግና ሊዮን ሼፍኖ ይነሳሉ፤ መነሳታቸውም ትክክል ነው። በጣቢያው ቆመው ልጆቻቸውን ያሳደጉት ሴቶች ግን ዛሬ አያቶች ናቸው፤ የእነሱ የባቡር ታሪክ ያለው በአንደበታቸው ብቻ ነው። ያንን ታሪክ ለመስማት ከልጅ ልጅ የተሻለ ጠያቂ አይገኝም። ልጅ አዋቂ የሚያፍርበትን ጥያቄ አፍ አውጥቶ ይጠይቃል፤ «ስንት ትሸጪው ነበር? ገንዘቡን የት ትደብቂው ነበር?» ይላል።

ይህ ሁሉ የስሜት ጉዳይ ነው የሚል ካለ፣ ማስረጃው ሌላ ይናገራል። ሚሪ ጊብሰንና ሩት ሜስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በአርሲ ኦሮሞ ገጠር ያደረጉትንና እ.ኤ.አ. በ2005 ያሳተሙትን ጥናት መጥቀስ ይበቃል። የእናት እናት በሕይወት ያለችላቸው ሕፃናት በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው የተሻለ ሆኖ አግኝተውታል፤ ከምክንያቶቹም አንዱ አያቶች የልጃቸውን ከባድ የቤት ሥራ ማቃለላቸው ነበር። ሰፋ አድርጎ ለሚያይ ደግሞ በአሜሪካው ኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ማርሻል ዱክና ሮቢን ፊቩሽ ያቀረቡት ሥራ አለ። ልጆችን ስለ ቤተሰባቸው ታሪክ 20 ጥያቄዎች ጠየቁ፤ ወላጆችህ የት ተገናኙ፣ አያቶችህ የት አደጉ የመሰሉ። ብዙ የመለሱት ልጆች ስለ ራሳቸው ያላቸው ግምትና ችግርን የመቋቋም አቅማቸው የተሻለ ሆኖ ታየ። ተመራማሪዎቹ ታሪኩን ማወቅ ብቻውን ልጁን ያጠነክረዋል አላሉም፤ ትኩረታቸው ታሪኩ በሚተላለፍበት ሂደት ላይ ነው። አስተላላፊዎቹ በአብዛኛው እናቶችና ሴት አያቶች፣ ጊዜውም ማዕድና የዕረፍት ቀን መሆኑን አስተውለዋል። የሁለቱ ጥናቶች አገርና ዘዴ ይለያያል፤ አያት ለልጅ ሕይወት ጌጥ ሳትሆን ምሰሶ መሆኗን ግን ሁለቱም ይጠቁማሉ።

በዚህ ክርክር ላይ ሊነሱ ከሚችሉት ተቃውሞዎች የመጀመሪያው ከራሳችን ባህል የሚነሳ ነው። የቃል ትውፊት ለእኛ በቂ ነው፤ ሳይጻፍና ሳይታቀድ ስንት ዘመን ኖረናል የሚል። ለዚህ የሁርሶ አካባቢ ራሱ መልስ አለው። የኢሳ ሶማሌ ባህላዊ ሕግ ሄር ኢሴ ትውልድ ከትውልድ በቃል ተላልፎ፣ በ2017 ዓ.ም. በኢትዮጵያ፣ በጅቡቲና በሶማሊያ የጋራ ስም በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ቃል እንደሚጸና ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም። ነገር ግን የጸናበትን ምክንያት ማየት ያሻል፦ የሚሰበሰብ የሽማግሌዎች ጉባኤ፣ የሚዳኝበት ዛፍ፣ አጥንቶ የሚይዝ ሰው ስላለው ነው። የሴት አያት ዕውቀት ጉባኤ የለውም። ያለው ግቢው፣ ጥላውና የልጆቹ ጆሮ ነው። ልጆቹ ክረምቱን ሌላ ቦታ ካሳለፉት፣ ወይም እዚያው ሆነው ዓይናቸውን ከስልክ ካላነሱ፣ የእሷ ጉባኤ ሳይቀመጥ ይቀራል። ቃል በራሱ አይተላለፍም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ተዝካር፣ ሙት ዓመት፣ ሰደቃና ዱዓ አሉን፤ አያታችንን መች ረሳን የሚል ነው። እነዚህን ማንም ሊያቃልላቸው አይገባም፤ የሃይማኖት ሥርዓትና የጎረቤት ፍቅር ናቸው። ዓላማቸው ግን ለነፍሷ መጸለይና የተራበን ማብላት ነው፤ እንዴት እንደኖረች ለልጅ ማስተማር አይደለም። ልጆች በዚያ ቀን ወንበር ሲያመላልሱና ሰሐን ሲያጥቡ ይውላሉ፤ ስለ እሷ የሚሰሙትም ደግ ነበረች የሚለውን ነው። ደግነቷ እውነት ነው፤ ግን ስለ ማንኛዋም አያት የሚባል ስለሆነ እሷን ለይቶ አያሳያቸውም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም ይከብዳል፤ እኔም በሙሉ ልብ የምቀበለው ክፍል አለው። አያቶቻችን ያወረሱን ሁሉ መልካም አልነበረም። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ በኢትዮጵያ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች 65 በመቶው ግርዛት የተፈጸመባቸው ናቸው፤ በሶማሌ ክልል ቁጥሩ ወደ 99 በመቶ ይጠጋል። ልማዱን ካቆዩት መካከል አያቶችም አሉ፤ አንዳንድ ጊዜ የትምህርት ቤት ዕረፍት ራሱ ልጅቷ የምትገረዝበት ጊዜ ይሆናል። ግርዛት በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ የሚያስቀጣ ወንጀል ነው፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም፤ ልጅን ከዚህ ለመጠበቅ ወላጅ ማንንም፣ የገዛ እናቱንም ቢሆን፣ እንቢ ማለት አለበት። ታዲያ ይህ አያትን ከማስታወስ እንድንሸሽ ያደርገናል? አይመስለኝም። እሷም ገና ልጅ ሳለች፣ ማንም ሳያማክራት የደረሰባት ነው። ሕመሟን፣ ምጧን፣ የቀበረቻቸውን ሕፃናት ልጆቿ ከአፏ ከሰሙ፣ ልማዱን ለመተው ከዚህ የበለጠ ምክንያት አያስፈልጋቸውም። ማር ማሩን ብቻ መርጦ የሚያስታውስ ቤተሰብ ግን እሷንም አያውቃት፣ ከመከራዋም አይማር።

ማስታወስ መቅዳት እንዳልሆነ የሚያሳይ ቀለል ያለ ምሳሌም አለ። ውሃ በሚያጥርበት አገር አያት በርሜሉንና ጀሪካኑን ሳትሞላ አታድርም፤ ይህ ከልምድ የተገኘ ጥበብ ነው። አሁን ግን አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለች፣ በከተማ የውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ የምትራባ የወባ ትንኝ ወደ አገራችን ገብታለች፤ በ2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ ለተነሳው የወባ ወረርሽኝም እሷ ምክንያት መሆኗ በጥናት ተረጋግጧል። ስለዚህ የአያት በርሜል ይሞላ፤ ግን ይከደን። ግቢ የሚወጣው አልጋም አጎበር ይዞ ይውጣ። የእሷን ጥንቃቄ የወረሰ ሰው በእሷ ዘመን ያልነበረውን አደጋም አብሮ ይጠነቀቃል።

አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ያሉ ቤተሰቦች በየዓመቱ ልጅ ይዘው ቆላ መውረድ እንደማይችሉ እረዳለሁ፤ የትራንስፖርቱ ዋጋም ሙቀቱም ቀላል አይደለም። ለእነሱ ስልኩ ትልቅ ረዳት ነው፤ ድምፅ ይቀዳል፣ ምስል ያሳያል። ነገር ግን አያትን በቪዲዮ ደውሎ «ደህና ነሽ? ደህና ነን» ብቻ ተባብሎ መዝጋት ማስታወሻ አይሆንም። ልጁ አንድ ጥያቄ ይዞ ይደውል፤ መልሱ ይቀዳ፤ እሷ በምታውቀው ቋንቋም ይቀዳ፤ ትርጉሙ በኋላ ይደርሳል።

ዘንድሮ ትምህርት ቤት ሳይከፈት በእያንዳንዱ ቤት ሊሠራ የሚችል ነገር አለ። ልጁ አንድ ደብተር ይክፈት። የአያቱን ስም ይጻፍ፤ ቀጥሎ የእናቷን ስም፣ ከዚያም የእናቷን እናት ስም እሷ እስከምታስታውሰው ድረስ። የተወለደችበትን ቦታ፣ ያገባችበትን ዘመን፣ የሠራችውን ሥራ፣ የወለደቻቸውን ልጆች በሕይወት ያሉትንም የሞቱትንም ይጻፍ። ደብተሩ ቤተሰቡ ዳዊቱን ወይም ቁርኣኑን ከሚያስቀምጥበት ቦታ ይቀመጥ። አያታችሁ በሕይወት ካለች ዛሬውኑ ጠይቋት፤ ካለፈች የሚያውቋት ሰዎች ሳያልፉ ጠይቁ።